ነጭ የደም ሕዋስ መንገዱን በምን ያውቃል?



የሰው ጣት በእሾኽ በተወጋ ጊዜ ቦታው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቀልቶና አብጦ፣ ሙቀትና ጥዝጣዜ ተሰምቶት፣ ውሎ ሲያድርም መግል ቋጥሮ መታየቱን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ነገር ግን ያንን መግል በማጉያ መነጽር የመረመረ ሰው፣ አብዛኛው ክፍሉ ሥራቸውን ፈጽመው የሞቱ ነጭ የደም ሕዋሳት መሆናቸውን ያገኛል። እነዚህ ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተፈጥረው በደም ሥር ሲዘዋወሩ የነበሩ፣ ዓይንም ጆሮም የሌላቸው፣ ከአንጎልም ትእዛዝ የማይጠብቁ ሲሆኑ፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ካለው የሰውነት ስፍራ ሁሉ ያችን አንዲት የእሾኽ ቀዳዳ ለይተው ይደርሱባታል። ዛሬ ስለዚህ መንገድ እናገራለሁ፤ ቀጥሎም መንገዱ በብዙ ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ስላለው ልዩ ጠባይ፣ ያንንም ጠባይ ካለማወቅ የተነሣ በጤነኛ ሰው ላይ ስለሚሰጠው የተሳሳተ ፍርድ አስረዳለሁ። ዓመታቱን የምጠራው የምርምር መጻሕፍት እንደሚጽፏቸው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄውን በሙከራ ካነሡት ቀደምት ሊቃውንት ስሙ አስቀድሞ የሚጠራው በዛሬዪቱ ዩክሬን የተወለደው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ይህ ሰው በ1882 በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰውነቱ እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ የውስጡን የሚያሳይ የባሕር ኮከብ እጭ ወስዶ በጽጌረዳ እሾኽ ወጋውና በማግሥቱ ቢያየው፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ከበው አገኛቸው፤ በዚህና ይህንን ተከትሎ በሠራው ሥራም በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1888 ደግሞ ቴዎዶር ሌበር የተባለው ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም፣ ደም ሥር በሌለበት ኮርኒያ በሚባለው የዓይን የፊት ሽፋን ላይ ሻጋታ በበቀለ ጊዜ ነጭ ሕዋሳት ከዳር ተነሥተው ወደ ሻጋታው እንደሚጓዙ ተመልክቶ፣ የሚስባቸው ከጉዳቱ ስፍራ የሚወጣ የሚሟሟ ነገር መሆን አለበት ሲል ጻፈ። ሌበር በትክክል ገምቷል፤ ከሚስቡት ነገሮች ዋና የሆነው አንዱ በእጅ ተይዞ እስኪታይ ግን መቶ ዓመት ያህል አለፈ። በ1987 በአሜሪካና በስዊዘርላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ዛሬ ኢንተርሊውኪን ስምንት የምንለውን፣ ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሕዋስ የሚጠራ አነስተኛ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ከዚያ በኋላ የዚህ ፕሮቲን ዘመዶች አንድ በአንድ እየተገኙ ቁጥራቸው ወደ ሃምሳ ደረሰ፤ ከ1992 ጀምሮም በአንድነት ኬሞካይን ተብለው ይጠራሉ።

የመስቀልን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ንግሥት እሌኒ የጌታችን መስቀል የተቀበረበት ስፍራ በተሰወረባት ጊዜ፣ ደመራ አስደምራ ዕጣን ጨምራ ብታቃጥለው፣ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ መስቀሉ ወዳለበት ወደ ምድር ሰግዶ እንዳመለከታት ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ያስተምራሉ። በሰውነታችን ውስጥም በሥጋ ከተሸፈነው ጉዳት ተነሥቶ ፈላጊውን ወደ ስፍራው የሚመራ ምልክት አለ። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ ጢሱን ከሩቅ በዓይኗ አይታዋለች፤ ሕዋሱ ግን ከሩቅ የሚያይበት ምንም ነገር ስለሌለው፣ ባለበት ቦታ ሆኖ ከፊቱና ከኋላው ያለውን የኬሞካይን መጠን እያመዛዘነ፣ መጠኑ ወደ በረታበት ወገን ይራመዳል። ሳሊ ዚግመንድ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ በ1977 ባወጣችው ጥናት፣ ኒውትሮፊል በፊቱና በኋላው መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ አንድ ያህል እንኳ ቢሆን እንደሚለየው አሳየች። የሕዋሱ ርዝመት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ እጅ አንዱን ጥቂት ብቻ የሚያልፍ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው፤ እኔም ይህን በተናገርሁ ቁጥር መደነቄ አይቀርም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። እሾኹ ቆዳን ዘልቆ ተሐዋስያንን ይዞ በገባ ጊዜ፣ በስፍራው የነበሩት ሕዋሳት ጉዳቱን ዐውቀው ኬሞካይን ያመነጫሉ። ይህ ኬሞካይን በደም ውስጥ ልቅ ሆኖ ቢፈስ ኖሮ፣ የደሙ ጎርፍ ጠርጎ በመላው ሰውነት ስለሚበትነው አቅጣጫን የሚያመለክት ምልክት መሆኑ በቀረ ነበር፤ ስለዚህም በአቅራቢያው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ከስኳር በተሠሩ ረጃጅም ክሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ ኬሞካይኑ በነዚህ ክሮች ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። በደም ጎርፍ ተገፍቶ የሚሄደው ኒውትሮፊል ወደዚህ ስፍራ ሲደርስ፣ አስቀድሞ ሴሌክቲን የሚባሉ መያዣዎች ግድግዳው ላይ ቀስ እያደረጉ ያንከባልሉታል፤ ሲንከባለልም በላዩ ላይ ያሉት ተቀባዮች ከግድግዳው ኬሞካይን ጋር ይገናኛሉ። ተቀባይ የምንለው የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየበሳ ወጥቶ የሚገባ ፕሮቲን ነው፤ ኬሞካይኑ ከውጭ ሲነካው ቅርጹ ይለወጥና ዜናውን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ዜናው በደረሰ ጊዜ ኢንተግሪን የሚባሉት ብርቱ መያዣዎች ይዘረጋሉ፣ ሕዋሱም ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቆማል፤ ከዚያም ተጨምቆና ተስቦ በደም ሥሩ ሕዋሳት መካከል አልፎ ወደ ሥጋው ይገባል። ከቆመበት ጊዜ አንሥቶ እስኪወጣ ድረስ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህ የኬሞካይን ሥርዓት በቁስል ጊዜ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ በጤናችንም ቀን ሳያቋርጥ ይሠራል። እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ፣ እጁ የቆሰለ ደግሞ ብብቱ ላይ ንፍፊት የሚወጣበት ምክንያት በዚህ ሥርዓት ይታወቃል። በቆዳ ውስጥ የሚኖሩ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሕዋሳት የተሐዋሲውን ስባሪ ከዋጡ በኋላ፣ ሲሲአር ሰባት የተባለውን ተቀባይ በላያቸው ላይ ያወጣሉ፤ የዚህ ተቀባይ ጥሪ ከንፍፊቱ ስለሚመጣ፣ ሕዋሳቱ የያዙትን ይዘው ወደዚያው ይጓዛሉ። ቲ ሊምፎሳይት የተባሉት ሕዋሳትም ያንኑ ተቀባይ ስለያዙ፣ ከደም ወደዚያው ንፍፊት ይገባሉ፤ ሁለቱ እንዲህ ሲገናኙ ተሐዋሲውን የሚያውቁት ቲ ሕዋሳት እየተባዙ ንፍፊቱ ያብጣል። በመቅኔ ውስጥ ደግሞ ሲኤክስሲኤል አሥራ ሁለት የሚባል ሌላ ኬሞካይን ለጋ ሕዋሳትን ጊዜያቸው እስኪደርስ በስፍራቸው ይዞ ያቆያቸዋል። መጥራትም ማቆየትም በአንድ ዓይነት ምልክት የሚፈጸም መሆኑ የዚህ ፍጥረት ድንቅ ሥርዓት ነው።

ጥሪው ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሕዋሳቱ ያለ ልክ ተሰብስበው የራስን ሥጋ ይጎዳሉ። ለዚህም ከዚህ ከተሰበሰብንበት ከፉሪ ሠፈር እምብዛም በማይርቀው በአለርት ግቢ፣ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተሠራውን ሥራ መጥቀስ ይበቃል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን መድኃኒት በመውሰድ ላይ ሳሉ እንኳ፣ በድንገት ቆዳቸው ቀልቶና አብጦ ነርቫቸው የሚጎዳበት ሪአክሽን የሚባል ሁኔታ አለ፤ በ2015 በታተመውና ኢትዮጵያን፣ ባንግላዴሽን፣ ብራዚልንና ኔፓልን ባጠቃለለው ጥናት፣ በዚህ ጊዜ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ከፍ ብለው ከተገኙት ነገሮች አንዱ አይፒ አሥር የተባለው ኬሞካይን ነው። ይህን ኬሞካይን በጊዜው መለካት ቢቻል የብዙ ሰው እጅና እግር ሳይሽመደመድ ሊድን ይችላል፤ የጥናቱም ተስፋ ይኸው ነው።

የኬሞካይን ተቀባዮች ለጠላት መግቢያም ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ስለ ኤች አይ ቪም ጥቂት ልናገር። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት ሲዲ አራት ከሚባለው ምልክት ሌላ፣ ከኬሞካይን ተቀባዮች አንዱን፣ በተለይም ሲሲአር አምስትን ወይም ሲኤክስሲአር አራትን እንደ በር እንደሚጠቀም በ1996 ታወቀ። በአንዳንድ አውሮጳውያን ዘንድ ሲሲአር አምስትን የሚያጠፋ የዘር ለውጥ ስላለ፣ ከእናትም ከአባትም የወረሱት በብርቱ ይጠበቃሉ፤ በአፍሪቃ ግን ይህ ለውጥ የለም ከማለት በማይተናነስ ደረጃ ጥቂት ነው። በእስራኤል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ በ2001 የታተመ ጥናት፣ እነዚህ ሁለት ተቀባዮች በሕዋሳታቸው ላይ ከሌሎቹ የአገሩ ነዋሪዎች በዝተው እንደሚገኙና ለዚህም ያደጉበት አካባቢም የተፈጥሮ ጠባይም ድርሻ እንዳላቸው አመለከተ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ወደ ዋናው ነገር የሚያደርስ ነው። ከኬሞካይን ተቀባዮች መካከል አንዱ፣ ከአብዛኞቹ በጠባዩ የተለየ፣ ኬሞካይኑን ይይዛል እንጂ ዜናውን ወደ ውስጥ አያስተላልፍም። ይህ ተቀባይ የታወቀው ሥራው ከመታወቁ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ እንደ አንድ የደም ዓይነት መለያ ነበር፤ በ1950 በእንግሊዝ አገር፣ ደም ደጋግሞ በተሰጠው አንድ ሕመምተኛ ላይ ተገኝቶ በሕመምተኛው ስም ዳፊ ተባለ። በሰባዎቹ ዓመታት ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ፣ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ጥገኛ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በዚሁ በዳፊ በኩል መሆኑንና፣ ዳፊ በቀይ ሕዋሱ ላይ የሌለበት ሰው ከዚህ ወባ እንደሚጠበቅ ገለጹ። በ1993 ደግሞ ሪቻርድ ሆሩክና ባልደረቦቹ ዳፊ የኬሞካይን ተቀባይ መሆኑን አረጋገጡ፤ ቀይ የደም ሕዋስ በዳፊ አማካይነት ከደም ውስጥ ኬሞካይንን እየያዘ እንደሚያቆይም ታወቀ። በ1995 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ዳፊ በአንዳንድ ሰዎች ቀይ ሕዋስ ላይ የሚታጣበትን ምክንያት ከሥሩ አገኙት፤ ዳፊን በሚያሠራው የዘር ጽሕፈት መነሻ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ስትለወጥ፣ ዳፊ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ መሠራቱ ይቀራል፣ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራል።

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪቃ ዳፊ የሌለው ሰው ሕዝቡ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የበዛ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያለውና የሌለው ሰው በአንድ መንደር አብረው ይኖራሉ፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾችም በዚህ ይለያያሉ። ቫይቫክስ ወባም በአገራችን በሰፊው የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ፉሪ ተራራው ከ2,800 ሜትር በላይ የሚደርስ፣ ሠፈሩም በደጋ ያለ ስለ ሆነ ወባ አይተላለፍበትም፤ ነገር ግን በ2016 ከተመረቀው ከፉሪ ለቡ የባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ አዳማ፣ ወደ አዋሽና ወደ ድሬ ዳዋ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወባ አገር ይደርሳል፤ ቫይቫክስም በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ሕመሙ መንገደኛውን ወደ ደጋ ከተመለሰ በኋላ እዚሁ በቤቱ ሊያገኘው ይችላል። ዳፊ የሌለው ሰው ፈጽሞ አይነካውም ተብሎ ይታመን የነበረው ትምህርትም ዛሬ ተሻሽሏል፤ በማዳጋስካር፣ ከዚያም በኢትዮጵያ፣ በተለይ በደቡብ ምዕራብ ክፍል፣ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኝቷል። ስለዚህ ዳፊ የለኝም ብሎ ያለ አጎበር የሚተኛ ሰው አይኑር።

በደም ቆጠራ ላይ የሚታየው ነገር ደግሞ ከዚህም የሚያሳስብ ነው። ዴቪድ ራይክና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያለው የኒውትሮፊል ቁጥር ዳፊ ካላቸው ያነሰ ነው። በ2017 የወጣው ሌላ ምርምር ምክንያቱን ሲያብራራ፣ በመቅኔ ውስጥ ቀይ ሕዋስ ሊሆኑ የተዘጋጁት ለጋ ሕዋሳት ዳፊ ሲያጡ፣ ከዚያው መቅኔ የሚወጡት ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው ተለውጦ ከደም ሥር ወደ ሥጋ በቀላሉ የሚያልፉ እንደሚሆኑ ገለጸ። እንግዲህ መቅኔው አልደከመም፣ ሰውዬውም አልታመመም፤ ቆጠራው የሚደረገው ግን ከደም ሥር በሚቀዳ ደም ስለ ሆነ፣ በሥጋው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት አይቆጠሩም። በብዙ አገር የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ታትሞ የሚገኘው ዝቅተኛ ወሰን ደግሞ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 1,500 ኒውትሮፊል ሲሆን፣ ይህ ልክ የተወሰደው በአብዛኛው ዳፊ ካላቸው ሕዝቦች ነው። ጤነኛው ሰው 1,200 ቢያሳይ፣ በወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበት እንደ ታማሚ ይቆጠራል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። የካንሰር ሕመምተኛ የመድኃኒት ቀኑ ይተላለፍበታል፣ ወይም መጠኑ ይቀነስበታል፤ በውጭ አገር የሚኖር ወገናችንም ያለ በቂ ምክንያት መቅኔው በመርፌ እንዲመረመር ይታዘዝበታል። ክሎዛፒን የተባለው፣ ሌላ መድኃኒት ላልሠራለት የአእምሮ ሕመምተኛ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ኒውትሮፊልን ሊቀንስ ስለሚችል በቆጠራ ይጠበቃል፤ በተፈጥሮ ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ሰዎች በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሲከለከሉ ከኖሩ በኋላ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ለእነርሱ የተለየ ዝቅተኛ ወሰን ደነገገላቸው። ይህ ውሳኔ ፍትሕ ነው፤ በዘገየበት ዘመን ግን ስንት ሕመምተኛ ሊድን ሲችል እንዳልዳነ ማሰብ ልብን ያሳዝናል።

የራሳችንን ልክ በራሳችን ሕዝብ ላይ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ደግሞ ከዚህ ከደቡብ አዲስ አበባ ወገን ይገኛል። በ1994 የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት፣ ከ1997 ጀምሮ በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል ቆየ፤ ተመራማሪዎቹም በክትትሉ ውስጥ ከነበሩት፣ ኤች አይ ቪ ከሌለባቸው 485 ጤነኛ ሰዎች ደም ወስደው፣ ለዐዋቂ ኢትዮጵያውያን የሚስማማውን የደም ሕዋሳት ልክ በ1999 አሳተሙ። በዚያ ሥራ በኢትዮጵያውያኑ ደም ውስጥ ሲዲ አራት የተባለውን ምልክት የያዙት ሕዋሳት ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን በጉልህ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሲዲ አራት ማነስ ከዳፊ ጉዳይ የተለየ ነው፤ የዚያው ፕሮጀክት ሊቃውንት፣ ሰውነት ከልጅነት ጀምሮ ከብዙ ተሐዋስያን ጋር እየታገለ ዘወትር ነቅቶ ከመኖሩ ጋር አያይዘውታል። ሆኖም ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ በሌላ አገር ሕዝብ የተወሰነ ልክ በኛ ሰው ላይ ሲደረግ፣ ጤነኛውን ድውይ ሊያሰኝ ይችላል። እነዚያ የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ክንዳቸውን ለመርፌ ሰጥተው ለአገራቸው ያበረከቱት ዕውቀት፣ በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊነበብ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለሐኪሞቻችንና ለላብራቶሪ ባለሙያዎቻችን የማቀርበው ልመና፣ የኒውትሮፊል ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲያገኙት፣ ሰውዬው ትኩሳት ወይም ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ከሌለበት፣ ቀይ የደም ሕዋሱና ፕሌትሌቱም ደኅና ከሆኑ፣ መድኃኒት ከመከልከልና መቅኔ ከመውጋት በፊት የዳፊን የደም ዓይነት እንዲጠይቁ ነው፤ ምርመራው በደም ባንክ ከሚሠራው የደም ዓይነት መለየት ጋር አንድ ዓይነት ጥበብ ነውና። ለእናንተም ለአድማጮች የምናገረው ይህ ነው፤ በጤናችሁ ቀን የተሠራላችሁን የደም ቆጠራ ወረቀት አትጣሉ፣ ከልጆቻችሁ ወረቀት ጋር በአንድ አቃፊ አኑሩት፣ በታመማችሁም ጊዜ ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት።